«አፈፍ» እና «ስናፕ አፕ»፦ ፈጥኖ የመያዝ ግሥ በይፋት ቆላ የቋንቋ ትምህርት




የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን በተገናኙ ቍጥር የሚያነሡት አንድ ቅሬታ አለ። ይኸውም ተማሪዎች የቃላትን ትርጕም በጽሑፍ ሸምድደው እያወቁ፣ ሁለት ትንንሽ ቃላት ጐን ለጐን ሲቆሙ ትርጕሙ የሚጠፋባቸው መሆኑ ነው። ትልቁንና ረጅሙን ቃል በመዝገበ ቃላት ፈልገው ያገኙታል፤ አጭሩና ተራ መስሎ የሚታየው ግን ያሰናክላቸዋል። የዛሬው ንግግር ከእነዚህ አጫጭር ግሦች መካከል አንዱን ብቻ መርጦ ይመረምራል። ግሡ «ስናፕ አፕ» የሚባለው፣ አንድን ነገር ፈጥኖ የማንሣትን፣ የመያዝን ወይም የመግዛትን ሥራ የሚገልጸው ነው። የምርመራው ስፍራም ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ ነው። ስፍራው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱም በየደረጃው ይገለጻል።

ሀ. የችግሩ መልክ

አንድ መምህር በሸዋ ሮቢት ከተማ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎቹ ከሚያውቁት ኑሮ ልጀምር ብሎ፣ «ነጋዴዎች ሽንኩርቱን ስናፕ አፕ አደረጉት» የሚል ሐሳብ ያለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ ቢጽፍ፣ ትጉሁ ተማሪ መዝገበ ቃላቱን ይገልጣል። «ስናፕ» በሚለው ሥር ቀጭ ብሎ መሰበርን፣ ጣትን ማጮኽን፣ በቍጣ መመለስን፣ ፎቶግራፍ ማንሣትን ያገኛል። «አፕ» በሚለው ሥር ደግሞ «ላይ፣ ወደ ላይ» የሚለውን ያነባል። ሁለቱንም ደምሮ «ነጋዴዎቹ ሽንኩርቱን ወደ ላይ ሰበሩት» ብሎ ቢተረጕም ሊሳቅበት አይገባም። የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሟልና። ስሕተቱ የተማሪው ስንፍና ሳይሆን፣ ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሲቆሙ አንድ ግሥ እንደሚሆኑ ማንም ስላልነገረው የመጣ ነው።

ይህ ችግር የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ግሥን ከትንሽ ተከታይ ቃል ጋር አቀናጅቶ አዲስ ትርጕም የማውጣት ልማድ በእንግሊዝኛ ከሌሎች ቋንቋዎች ይልቅ የበዛ መሆኑንና የባዕድ አገር ተማሪዎችን እጅግ የሚያስቸግር መሆኑን ገልጾ ነበር። ለዚህ ዐይነቱ ግሥ ዛሬ የሚሰጠው መጠሪያ የተስፋፋው ግን ዘግይቶ፣ ሎጋን ፒርሰል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 «ወርድስ ኤንድ ኢዲየምስ» የተሰኘውን መጽሐፍ ካወጣ ወዲህ ነው። በአማርኛ «ሐረጋዊ ግሥ» ቢባል ጠባዩን ይገልጸዋል፤ በቅርጹ ሐረግ፣ በሥራው አንድ ግሥ ነውና።

በአገራችን ጉዳዩ ከንባብ ደስታ አልፎ የተማሪውን ዕጣ የሚነካ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን አድርጓል። እንግዲህ የቆላው ልጅ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሻገር የሚገጥመው እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ አንድ የትምህርት ዐይነት ብቻ አይሆንም፤ ታሪኩን፣ ጂኦግራፊውንና ሳይንሱን ሁሉ የሚያይበት መስኮት ይሆናል። መስኮቱ ከጨለመ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጨልምበታል።

ለ. የእንግሊዝኛው ግሥ ጠባይ

«ስናፕ» የሚለው ቃል ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከደች ወይም ከሰሜን ጀርመን ቆላማ አገር ቋንቋዎች ነው። የጥንት ትርጕሙም በአፍ ወይም በመንቍር ድንገት መንከስ፣ ነክሶም መያዝ ነበር። ስለዚህ ከግሡ ሥር ያለው ሥዕል የተሰበረ እንጨት ሳይሆን፣ የተወረወረለትን ሥጋ መሬት ሳይነካ ቀለብ የሚያደርግ ውሻ ነው። መምህሩ ይህንን ሥዕል ከሁሉ አስቀድሞ ቢሰጥ የቀረው መንገድ ይቀልለታል።

«አፕ» የሚለው ተከታይ ቃል ደግሞ በዚህ ስፍራ አቅጣጫን አያመለክትም። እንግሊዝኛ «ኢት አፕ» ሲል ወደ ላይ መብላትን ሳይሆን በልቶ መጨረስን፣ «ዩዝ አፕ» ሲልም ተጠቅሞ ማሟጠጥን ይገልጻል። እንግዲህ «ስናፕ» ፍጥነቱን ሲሰጥ «አፕ» መጠቅለሉን ይሰጣል። የሁለቱ ድምር ፈጥኖ ያዘና የራሱ አደረገ፣ ለሌላ ሳያስተርፍም ወሰደ ማለት ይሆናል።

ግሡ የሚስማማቸው ነገሮችም የተለዩ ናቸው። በርካሽ የቀረበ ዕቃ፣ ቍጥሩ የተወሰነ የመግቢያ ቲኬት፣ በጥሩ ዋጋ የተገኘ ቤት፣ ሌላው መሥሪያ ቤት ሳይቀድም የተቀጠረ ብርቱ ባለሙያ፤ እነዚህ ሁሉ ስናፕ አፕ ይደረጋሉ። ማንም የማይፈልገው ነገር፣ ወይም እንደ ልብ የሚገኝ ነገር ግን ስናፕ አፕ አይደረግም። በዚህ ግሥ ውስጥ ሁልጊዜ በዐይን የማይታይ ሌላ ተፎካካሪ አለ፤ ፍጥነቱም የሚመጣው እርሱን ከመቅደም ፍላጎት ነው። ሼክስፒር «ዘ ዊንተርስ ቴል» በተሰኘው ተውኔቱ ውስጥ ያስገባው አውቶሊከስ የተባለው እግረኛ ነጋዴና ሌባ፣ ራሱን ሰዎች የዘነጉትን ጥቃቅን ነገር አፈፍ የሚያደርግ ሰው አድርጎ ማስተዋወቁ፣ ግሡ በንግድና በስርቆት ድንበር ላይ መቆም ከጀመረ ብዙ ዘመን እንዳለፈ ያስረዳል።

ከሰዋስው በኩል አንድ ጽኑ ሕግ አለ። ተሳቢው ስም ሲሆን ከ«አፕ» በፊትም ሆነ በኋላ ሊቀመጥ ይችላል። ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ከሁለቱ መካከል መግባት ግዴታው ነው። «ስናፕ ኢት አፕ» ይባላል፤ «ስናፕ አፕ ኢት» አይባልም። ተማሪዎች ይህንን ሕግ እንደ ባዕድ ወግ ቈጥረው ይሸመድዱታል፤ ፈተናው ሲያልፍም ይረሱታል። ይሁን እንጂ ባዕድነቱ ያን ያህል አይደለም።

ሐ. የአማርኛው መሣሪያ

አማርኛ ለፈጣን አያያዝ የሚሆን ግሥ የሚያንሰው ቋንቋ አይደለም። እጅ ተዘርግቶ ዕቃውን ከተቀመጠበት ሲያነሣው አፈፍ አደረገ ይባላል። ይዞ ለመሮጥ ሲሆን ላፍ አደረገ፣ የተወረወረው በአየር ላይ ሲያዝ ቀለብ አደረገ፣ ከባለቤቱ እጅ በጕልበት ሲወጣ ነጠቀ፣ በቅልጥፍናና በድብቅ ሲሆን መነተፈ፣ እየጐተቱ ሲያስለቅቁ መነጨቀ፣ ብዙ እጆች በአንድ ነገር ላይ ሲረባረቡ ተሻሙ፣ የተሻሙበትን ከፋፍለው የየራሳቸው ሲያደርጉ ተቀራመቱ ይባላል። ይህ ሁሉ ሀብት ያለው ተማሪ «ስናፕ አፕ»ን «ወደ ላይ ሰበረ» ብሎ መተርጐሙ፣ ጎተራው ሞልቶ ሳለ እንደ መራብ ያለ ነው።

ከእነዚህ መካከል «አለ» ወይም «አደረገ» በሚሉት ግሦች ተደግፈው የሚቆሙት ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። «አፈፍ» የሚለው ቃል ብቻውን ዓረፍተ ነገር አያቆምም። «አፈፍ አለ» ሲባል ሰውዬው ራሱ ከመቀመጫው ድንገት ተነሣ ማለት ነው፤ «አፈፍ አደረገ» ሲባል ግን ሌላ ነገር ፈጥኖ አነሣ ማለት ይሆናል። «ብድግ አለ» እና «ብድግ አደረገ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ቃል ሥዕሉን ይሰጣል፤ ሁለተኛው ቃል ጊዜውን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን ይሸከማል። ሁለቱ ቃላት አንድ ግሥ ናቸው። የእንግሊዝኛው ሐረጋዊ ግሥ ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በዚያ ግሡ ቀድሞ ትንሹ ቃል ሲከተል፣ በዚህ ሥዕላዊው ቃል ቀድሞ ግሡ ይከተላል።

በተውላጠ ስሙ ሕግም ላይ መቀራረብ አለ። በአማርኛ «አፈፍ አደረገው» ይባላል እንጂ «አፈፉ አደረገ» አይባልም። ተሳቢውን የሚያመለክተው ምእላድ የራሱ የተወሰነ ስፍራ አለው፤ ከዚያ ወጥቶ ሌላ ቃል ላይ ቢለጠፍ ጆሮ አይቀበለውም። ከዚህም ሌላ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ሊቆሙ ይችላሉ፤ «አፈፍ እንኳ አላደረገውም» ሲባል «እንኳ» በመካከላቸው ገብቶ ይቀመጣል። እንግዲህ አንድ ግሥ ለሁለት ተከፍሎ በመካከሉ ሌላ ቃል ማስገባቱ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። አፉን ከፈታ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ የጎደለው ይህንን የሚያስታውሰው ሰው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የፍጥነትና የመጠቅለል ልዩነት ነው። ቮልፍ ሌስላውን የመሳሰሉ የአማርኛ ሰዋስው ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከአንድ ግሥ ሁለት ዐይነት ሥዕላዊ ቃል ይወጣል። ፊደሎቹ በሳድስ ሲሄዱ ሥራው ሙሉና የተሟላ ይሆናል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች በግዕዝ ሲነበቡ ደግሞ ሥራው ቀለል ያለ፣ ቶሎ ተደርጎ የሚያልፍ ይሆናል። «ክፍት አደረገው» እና «ከፈት አደረገው» የሚሉትን ማነጻጸር ይበቃል። በዚሁ ሥርዐት «ለቀም አደረገ» ማለት ቶሎ ብሎ በጥቂቱ አነሣ ሲሆን፣ «ልቅም አደረገ» ማለት አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ሰበሰበ ማለት ነው። እንግሊዝኛ በ«አፕ» የሚሠራውን የማጠናቀቅ ሥራ አማርኛ አናባቢ በመለወጥ ብቻ ይሠራዋል። ስለዚህ «ስናፕ አፕ» ለሚለው የሚመጥነው ትርጕም እንደ ነገሩ ይለያያል። ፍጥነቱ ሲጐላ «አፈፍ አደረገ»፣ ምንም አለመቅረቱ ሲጐላ «ልቅም አድርጎ ወሰደ»፣ ገዢዎቹ ብዙ ሲሆኑ «ተሻምተው ገዙ» ይሆናል። አንድ ቃል ለአንድ ቃል መፈለግ እዚህ ላይ አያዋጣም።

መ. የይፋት ቆላ ምስክርነት

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጐዳና 225 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፣ የጣርማ በርን ዋሻና ደብረ ሲናን አልፎ ቍልቍለቱ ባለቀበት ሜዳ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የቆላ ከተማ ናት። ይፋት ከጥንት ጀምሮ የመተላለፊያና የገበያ አገር ነው። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው የይፋት ሱልጣኔት የቆመው ከደጋው ወደ ዘይላ ወደብ በሚወርደው የቅፍለት መንገድ ላይ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመንም ከአንኮበር በታች ያለችው ዓልዩ አምባ የሸዋ መንግሥት ታላቅ የንግድ በር ሆና አገልግላለች። በአሁኑም ዘመን በሰንበቴ የእሑድ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ።

ለቋንቋ መምህር ይህ የሕዝብ መገናኘት ታላቅ ትርጕም አለው። ቻርልስ ፈርጉሰን የተባሉት የቋንቋ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 «ላንጉጅ ኢን ኢትዮጵያ» በተሰኘው መጽሐፍ ውስጥ ባወጡት ጥናት፣ የዘር ምንጫቸው የተለያየ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በጉርብትና ብዛት የጋራ ጠባይ እንዳፈሩ አሳይተዋል። ከቈጠሯቸው የጋራ ጠባዮች አንዱ «አለ» በሚል ግሥ የሚደገፈው ይኸው ጥምር ግሥ ነው። አማርኛና አርጎብኛ ሴማዊ ናቸው፤ አፋን ኦሮሞና አፋርኛ ኩሻዊ ናቸው። ነገር ግን አማርኛ «ዝም አለ» ሲል አፋን ኦሮሞ «ጨል ጄዼ» ይላል፤ «ጄዼ» ማለትም «አለ» ማለት ነው። ስለዚህ በሸዋ ሮቢት ወይም በአጣዬ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቢለያይም፣ ግሥን ከሁለት ቃላት የመሥራቱን ጥበብ ሁሉም ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። መምህሩ የአንዱን ቋንቋ ብቻ ሳይሆን የሁሉንም በጥያቄ ቢያስወጣ፣ ክፍሉ በራሱ ሀብት ይማራል፤ በቋንቋው ምክንያት ወደ ኋላ የሚቀር ልጅም አይኖርም።

የይፋት ቆላ ለግሡ ትርጕምም የሚመች አገር ነው። የዚህ ቆላ ገበሬ ማሽላና ጤፍ ያመርታል፤ ማሾ ይዘራል፤ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። ማሽላው በጎተራም ሆነ በጕድጓድ ሊቆይ ይችላል፤ ዋጋ ሲወድቅ ባለቤቱ ይታገሣል። ሽንኩርት ግን በቆላ ሙቀት ትዕግሥት አያውቅም። ከተነቀለ በኋላ በየቀኑ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ይበቅላል፤ ይበሰብሳል። ስለዚህ የሽንኩርት ገበሬ ፈጥኖ የሚገዛውን ይናፍቃል። መኪናው ከማሳው ዳር ቆሞ ጆንያው ሲሞላ፣ ደላላው ከዚህም ከዚያም ሲደራደር፣ ያው አንዱ ድርጊት እንደ ተናጋሪው ግሡን ይለውጣል። ዋጋው ያማረለት ገበሬ «ተሻምተው ገዙኝ» ይላል። ከወጪው በታች የሸጠው «ቀሙኝ» ይላል። ነጋዴው «አፈፍ አደረግሁት» ይላል። ዘግይቶ የደረሰው ሌላ ነጋዴ ደግሞ «ልቅም አድርገው ወሰዱት» ብሎ ይቈጫል።

እንግሊዝኛው በ«ስናፕ አፕ» የሚያየው ነገሩን ከገዢው ወገን ብቻ ነው። የሻጩ ደስታም ሆነ ኀዘን በግሡ ውስጥ የለም። ይህን ልዩነት የሸዋ ሮቢት ልጅ ከለንደን ልጅ ይልቅ ቀድሞ ሊያስተውለው ይችላል፤ የሻጩ ልጅ ነውና።

ሠ. የግሦች ሚዛን

እዚህ ላይ ነገሩ ከሰዋስው ያልፋል። ፈጥኖ የመውሰድ ግሦች ሁሉ ፍርድ ተሸክመው ይዞራሉ። በእንግሊዝኛ «ስናፕ አፕ» ዋጋ ተከፍሎ ወይም በባለቤቱ ፈቃድ የሆነን ነገር ያሳስባል። «ስናች» ከእጅ መንጠቅ ነው። «ግራብ» በሁለቱ መካከል ይዋልላል፤ ቁርስ በችኮላ መቅመስም «ግራብ» ነው፣ የሰው መሬት መቀማትም «ግራብ» ነው። «ሉት» ግን በጦርነትና በሁከት ጊዜ የሚደረግ ዘረፋ ብቻ ነው። ይህ ቃል በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከሂንዲ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ የገባበትም ምክንያት እንግሊዞች በሕንድ አገር ያደረጉት ጦርነት ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ ለእነዚህ ግሦች ልዩነት አንድ የማይረሳ ምሳሌ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1868 ከሕንድ በተነሣው በናፒየር ጦር መቅደላ ስትያዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ የንጉሡ ግምጃ ቤትና የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንብረት ተዘረፈ። ይህ «ሉት» ነው፤ የዘመኑ እንግሊዞችም ራሳቸው በዚህ ቃል ጠርተውታል። የተዘረፈው ንብረት በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ሲደርስ፣ ገንዘቡ ለወታደሮቹ እንዲከፋፈል ሐራጅ ተባለ። በዚያ ሐራጅ ላይ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ የሙዚየሙን ገንዘብ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ከቀረበውም ንብረት ብዙውን ገዛ። ይህን ግዢ አንድ ጸሓፊ «ስናፕት አፕ» ብሎ ቢጽፈው ከሰዋስው በኩል ስሕተት የለበትም፤ ተፎካካሪ ነበር፤ ፍጥነት ነበር፤ ዋጋም ተከፍሏል። ነገር ግን ግሡ የሚያሳየው የሐራጁን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ቀን ይሸፍናል። አንባቢው ሆምስን እንደ ጐበዝ ገበያተኛ ያየዋል፤ ካህናቱን ግን አያያቸውም። ዛሬ በብሪታንያ ልዩ ልዩ ቤተ መዘክሮችና ቤተ መጻሕፍት ስላሉት የመቅደላ ቅርሶች የሚደረገው ክርክር፣ ከሌላው ሁሉ በተጨማሪ፣ በየትኛው ግሥ ይነገር የሚል የቋንቋ ክርክር ነው።

እንደዚሁም አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1884 እና በ1885 በበርሊን ከተሰበሰቡ በኋላ የተፋጠነውን የአህጉራችንን ወረራ እንግሊዝኛ «ስክራምብል» ይለዋል፤ መሻማት ማለት ነው። አማርኛ ግን «የአፍሪካ ቅርምት» ይለዋል። ሽሚያ የተሻሚዎችን መጋፋት ያሳያል፤ ቅርምት ግን የተቈራረሰውን አካል ያሳያል። አማርኛው የቆመበት ወገን በግሡ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ለይፋት ልጅ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማና አካባቢዋ በግጭት ተቃጥለዋል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አዳርሷል። ቤቱ የተቃጠለበት ወይም ሱቁ የተዘረፈበት ሰው ልጅ፣ የደረሰውን በእንግሊዝኛ ጽፎ ለእርዳታ ሰጪ ወይም ለመርማሪ ማቅረብ ቢኖርበት፣ «ዕቃችን ስናፕት አፕ ሆነ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ሱቁ ያማረ ገበያ አግኝቶ ዕቃው በአንድ ቀን እንዳለቀለት ይረዳል። ከሰዋስው አንጻር አንድም ግድፈት የሌለበት ዓረፍተ ነገር እውነቱን ገልብጦ ያቀርባል። «ዌር ሉትድ» ብሎ ቢጽፍ ግን ሁለት አጫጭር ቃላት የቤተሰቡን በደል በትክክል ያደርሱለታል። የቋንቋ መምህር ኀላፊነት ከፈተና ውጤት በላይ የሚሆነው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

ረ. ለክፍል ሥራ የሚሆኑ ሐሳቦች

ከላይ ከተባለው በመነሣት ለመምህራን ጥቂት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ ሐረጋዊ ግሥ ሲቀርብ ሁለቱ ቃላት ተነጣጥለው አይተርጐሙ። ከትርጕሙ በፊት ሥዕሉ ይቅረብ። ለ«ስናፕ አፕ» ሥጋውን በአየር ላይ ቀለብ የሚያደርገው ውሻ፣ ወይም ጫጩት ላፍ የሚያደርግ ጭልፊት ይበቃል። ሕፃናት «ሻሞ» እየተባለ ሲጫወቱ የሚሆነውም ለትምህርቱ የተዘጋጀ ያህል ነው።

ሁለተኛ፣ ተማሪው ግሥ ከመምረጡ በፊት ራሱን ሦስት ነገር እንዲጠይቅ ይልመድ። ድርጊቱ ፈጣን ነበርን? ባለቤቱ ፈቅዶ ወይም ዋጋ ተቀብሎ ነበርን? የቀረ ነገር አለን? ፍጥነትና ፈቃድ ካሉ፣ የቀረም ከሌለ «ስናፕ አፕ» ይስማማል። ፍጥነት ኖሮ ፈቃድ ከሌለ «ስናች» ይሆናል። ፈቃድ ሳይኖር በሁከት ጊዜ ንብረት በገፍ ከተወሰደ «ሉት» ነው። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከረጅም የቃላት ዝርዝር ይልቅ በአእምሮ ይቀመጣሉ።

ሦስተኛ፣ የተውላጠ ስሙ ሕግ «አፈፍ አደረገው» ከሚለው ጋር ጐን ለጐን ይሰጥ። ተማሪው በገዛ ቋንቋው «አፈፉ አደረገ» ብሎ እንደማይናገር ካስተዋለ፣ «ስናፕ አፕ ኢት» የሚለውን ለመተው አይቸገርም።

አራተኛ፣ ምሳሌዎች ከአካባቢው ገበያ ይወሰዱ። የሰንበቴ እሑድ፣ የሽንኩርት መኪና፣ የማሾ ነጋዴ ለተማሪው የታወቁ ናቸው። ያልታወቀ ቃል በታወቀ ነገር ላይ ሲቀመጥ ይጸናል፤ ያልታወቀ ቃል ባልታወቀ ነገር ላይ ሲቀመጥ ግን ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ።

ዳሩ ግን ከልክ ማለፍ አይገባም። አማርኛ ከማናቸውም ግሥ ማለት ይቻላል «ስብር» እና «ሰበር»ን የመሰሉ ቃላት በሥርዐት ያወጣል፤ እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ነጻነት አይሰጥም። «አፕ» ሁልጊዜ መጠቅለልን አያመለክትም፤ «ጊቭ አፕ» መተው ነው፤ «ሉክ አፕ» በመዝገበ ቃላት መፈለግ ነው። ስለዚህ ከቤት ቋንቋ የሚገኘው እርዳታ በሩን ይከፍታል እንጂ ቤቱን አያስጐበኝም። እያንዳንዱ ግሥ በየራሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መነበብ፣ መጻፍና መነገር ይኖርበታል። ተማሪው አንድ ጊዜ በሩ ከተከፈተለት ግን ሌላውን በራሱ ጥረት ይዘልቀዋል።

ክቡራን ባልደረቦች፤

በብዙ ክፍሎች ውስጥ የአፍ መፍቻ ቋንቋ እንደ እንቅፋት ተቈጥሮ በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ከበር ውጭ እንዲቆም ይደረጋል። የ«አፈፍ» እና የ«ስናፕ አፕ» ንጽጽር የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። የይፋት ልጅ ሁለት ቃላትን አስተሳስሮ አንድ ግሥ ማድረግን፣ ፍጥነትን ከመጠቅለል መለየትን፣ ግዢን ከሽሚያ፣ ሽሚያንም ከዘረፋ መመዘንን ትምህርት ቤት ሳይገባ ተምሮታል። የመምህሩ ሥራ ይህንን ዕውቀት በእንግሊዝኛው አጠገብ አቁሞ ማሳየት ነው። ያን ጊዜ ተማሪው ሽንኩርቱን በትክክለኛው ግሥ ይሸጣል፤ የተወሰደበትንም በትክክለኛው ግሥ ይጠይቃል።